የበየነ ዝውውር

ሐበሾች በስደት ከተማቸው ያቋቋሙት፣ ኅብረት የተባለው የቤዝቦል ቡድን በዚያ ሰመር አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ቡድኑን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አያስገርምም። ዘጠኝ ተጫዋች ሜዳ ለሚያስገባ ቡድን አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ነበሩት። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ባት የሚባለውን የመምቻ ዱላ ጨብጠው አያውቁም፤ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ባይጨብጡ ይሻል ነበር።

በሰኔ መጨረሻ የሊጉ ሰዎች አሰልጣኙን ፍቅሩን ጠርተው እቅጩን ነገሩት። ኅብረት ሊጉ እስኪያልቅ አንዲት ጨዋታ ካላሸነፈ፣ ቦታው ተራ ሲጠብቅ ለከረመ የጡረተኞች ቡድን ይሰጣል። ፍቅሩ በዳንዳስ ጎዳና ስትሪትካር፣ ማለትም የከተማ ባቡር፣ የሚነዳ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ያለው ነገር ይህ ቡድን ብቻ ነበር። ቡድኑን ደግሞ ያቋቋመው ከበየነ ጋር ነው።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተሰበሰበው ዳንፎርዝ ላይ ካለው የእትዬ አሰፋሽ ሱቅ ጓዳ፣ በምስር ከረጢቶች መሀል ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ፀጋዘአብ መነጽራቸውን አድርገው ሪፖርት ማንበብ ጀመሩ። ርእሱ «የተጫዋቾች ወቅታዊ አቋም፣ ተግዳሮቶችና የወደፊት አቅጣጫዎች» ይላል።

ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ መቀበል ያለበት ሰላሙ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ቆሞ ነው የሚቀበለው። ሪፖርቱ ይህን «ቁመናውን እንደጠበቀ በማገልገል ላይ ያለ» ብሎ አለፈው። ቀኝ ዳር የሚጫወተው ይዲድያ ታክሲ ስለሚነዳ፣ ስልኩ ተሳፋሪ ባመጣለት ቁጥር ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። እሱን «በተለዋዋጭ ሰዓት የሚሠራ» አሉት። ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ የአቶ ፀጋዘአብ አማች ነው። የሚወረውረው ኳስ መቺውን ካላገኘ ዳኛውን ያገኛል፤ «ልምድ በማካበት ላይ» ተባለ።

«ባለፈው እሑድ ያካበተው ልምድ እኔን ጆሮዬ ላይ አግኝቶኛል» አለች ሩቲ። ሩቲ ነርስ ናት። በቡድኑ ውስጥ መሮጥ፣ መያዝና መምታት ሦስቱንም የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

«ልጄ፣ አስተያየት በመጨረሻ ነው» አሏት አቶ ፀጋዘአብ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጨረሻው ተራ ቁጥር፣ በየነ። እ… ባለበት ይቀጥላል።»

ማንም ቀና አላለም። በየነ ጥር ላይ ሞቷል።

ሪጀንት ፓርክ ከሚኖርበት ሕንፃ በር ላይ በረዶ ሲጠርግ አካፋውን እንደያዘ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩን ያስፈጸመው ፍቅሩ ነው። አዳራሽ የተከራየው፣ መኪና የደለደለው፣ ምግቡን ያዘዘው እሱ ነው። ሁሉም ሲያለቅስ እሱ የመኪና ማቆሚያ ሲያፈላልግ ዋለ። እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲያነሱበት ትዝ የሚለው የፓርኪንጉ ነገር ነው። እንባ አልወጣውም፤ ጊዜም አልነበረውም።

የበየነ ስም ከቡድኑ ያልወጣውም በዚሁ በፍቅሩ ምክንያት ነው። በሊጉ ድረ ገጽ ላይ ያለፈው ዓመት ተጫዋቾች እንዳሉ ለአዲሱ ዓመት ይተላለፋሉ። የማይጫወት ሰው ካለ ከስሙ ጎን ያለችውን ምልክት ነክቶ ማጥፋት ነው። ፍቅሩ ሚያዝያ ላይ ነካት። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ፍቅሩ እርግጠኛ አልነበረም። ዘጋውና ተኛ።

በየነ ሲጫወት ደግሞ እንዲህ ነበር። በሕይወቱ ባት ወዝውዞ አያውቅም። በሕጉ ፒቸሩ ኳሱን በመቺው ጉልበትና ደረት መሀል ማሳለፍ አለበት፤ አራት ጊዜ ከሳተ መቺው በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ ይሄዳል። በየነ ከመነሻው አጭር ነው። በዚያ ላይ ጎንበስ ሲል የሚወረወርበት ቦታ የፖስታ ሳጥን አፍ ያህላል። ፒቸሩ ይወረውራል፣ ይስታል፣ ላብ በላብ ይሆናል፤ በየነ ቆሞ ያያል። አራተኛው ሲሳት ባቱን አስቀምጦ፣ እንደ ሠርግ ጠሪ ቀስ ብሎ ይሄድና የተቃራኒውን ቡድን ቤዝ ጠባቂ በሁለት እጁ ይጨብጣል። «እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ይላል። ቻይናዊም ይሁን ፖርቱጋላዊ በአማርኛ ነው የሚጠይቀው። የማይመልስለት አልነበረም።

ሪፖርቱ ሲያልቅ፣ ቡድኑን የሚያድነው አንድ ፒቸር ብቻ ነው ተባለ፤ ብሩኬ። ችግሩ ብሩኬ የአንድነት ነው።

አንድነት ከአምስት ዓመት በፊት ከኅብረት ተገንጥሎ ጄን ኤንድ ፊንች ላይ የተቋቋመ ቡድን ነው። ለምን እንደተለያዩ በትክክል የሚያስታውስ የለም። የማሊያ ቀለም ነው የሚሉ አሉ፤ ውሃ ማን ያምጣ በሚል ነው የሚሉም አሉ። በወቅቱ አስታራቂ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ እሱም ለሁለት ተከፈለ።

ፍቅሩ እዚያው ምስር ከረጢት ላይ እንደተቀመጠ ለአንድነት አሰልጣኝ ለኸይረዲን ደወለ።

«ኸይሮ፣ ፍቅሩ ነኝ። ብሩኬን ትሬድ ታደርግልናለህ ወይ ብዬ ነው።»

«ሞልቶ! ውሰዱት» አለ ኸይረዲን። «በምትኩ በየነን ስጡኝ።»

ጓዳው ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

«በየነን?» አለ ፍቅሩ።

«ምነው? ድረ ገጹ ላይ አየሁት፣ አለ። እንደምታውቀው ተኮራርፈናል። ቢሆንም እሱን ካልሆነ ሌላ አልቀበልም። ደግሞ በስልክ አይሆንም፣ ወጉ ይጠበቅ! ሽማግሌ ላኩ!» ብሎ እየሳቀ ዘጋው።

ኸይረዲን አያውቅም ነበር። እናቱ ታማ፣ አገር ቤት ስልጤ ሄዶ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ሲያስታምም ከርሟል። ሰው አገር ቤት፣ ከታማሚ እናቱ አልጋ ሥር ተቀምጦ ሳለ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዚህ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ሲመለስ ደግሞ ኅብረቶች የራሱ ልጆች ነግረውታል አሉ። የአንድነት ልጆች ደግሞ የበየነ ሰዎች ሳይቀድሙን ምን አግብቶን አሉ። እሱም በየነን ሜዳ ላይ ሲያጣው «አኩርፎኝ ነው» ብሎ ተወው። እንዲህ ሆኖ ከዳንፎርዝ እስከ ጄን መንገድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያወቀውን ሞት ኸይረዲን ብቻ ሳያውቅ ሐምሌ ገባ።

«አሁን ምን ይሁን?» አለች እትዬ አሰፋሽ።

«ጋሼ፣ ቴክስት አድርግለታ» አለች ሩቲ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። የሆነ ነገር የሰበረች ነው የሚመስለው።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለች።

መርዶ በወጉ ሊነገር ተወሰነ። በወጉ ማለት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በትልልቅ ሰዎች ማለት ነው። ቅዳሜ ማለዳ አቶ ፀጋዘአብ፣ እትዬ አሰፋሽና ፍቅሩ ኸይረዲን የሚኖርበት ረጅም ሕንፃ በር ላይ ቆሙ። አገር ቤት ቢሆን የግቢው ሰው ሰዎቹን በዚያ ሰዓት ሲያይ ራሱ ይገባው ነበር፤ ግማሹ መርዶ ከበር ላይ ያልቃል። እዚህ ግን የሕንፃውን መጥሪያ ተጫኑ።

«ማነው?» አለ የኸይረዲን ድምፅ።

«እኛ ነን» አሉ አቶ ፀጋዘአብ።

«እናንተ እነማን?»

«ከኅብረት ነው የመጣነው።»

«አላህ! እውነትም ሽማግሌ ላካችሁ!» አለና ሳቀ። በሩ ጥዝዝ ብሎ ተከፈተ።

ላይ ሲደርሱ ሸሚዙን እየቆለፈ ጠበቃቸው። ሶፋው ላይ አስቀምጦ ሻይ አፈላ፤ እንቁላል ካልጠበስኩ አለ። «እኔ እኮ ቀልዴን ነበር» ይላል፣ ወጥ ቤትና ሳሎን እየተመላለሰ። «ለኳስ ሽማግሌ! ይሄን የሚያደርግ ሐበሻ ብቻ ነው።»

አቶ ፀጋዘአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኸይረዲን፣ ቁጭ በል እስቲ። የሰው ልጅ… በዚህ ዓለም ላይ… ሁሉም በተራው ነው።»

«ልክ ነው» አለ ኸይረዲን ቁጭ ብሎ። «ንግግርዎ ናፍቆኝ ነበር።»

«ዛሬ ያለ ነገ የለም። እና በየነን በተመለከተ…»

«እሺ፣ በየነ! ጤናው እንዴት ነው? ጉልበቱን ያመው ነበር።»

አቶ ፀጋዘአብ ፍቅሩን አዩ። ፍቅሩ ምንጣፉን አየ። «ጉልበቱ… አሁን አያሳስብም» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! እና ትሰጡኛላችሁ?»

እዚህ ላይ አቶ ፀጋዘአብ ማድረግ የነበረባቸው አንድ ነገር ነበር፤ አላደረጉትም። አርባ ዓመት ሙሉ ስብሰባ የመራ ሰው፣ ክፉ ነገር ከመናገርና አጀንዳ ከመቀጠል አንዱን ምረጥ ቢሉት እጁ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። «ኮሚቴው በመርህ ደረጃ አይቃወምም» አሉ።

እትዬ አሰፋሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«እሱ ራሱስ ተስማማ?» አለ ኸይረዲን።

«ተቃውሞ አላሰማም።»

«አለቀ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። አቶ ፀጋዘአብ ጨበጡት። በየነ በብሩኬ ተለወጠ።

ኸይረዲን ሻይ ቀዳላቸው። «አሁን እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «ለመቺነቱ አይደለም የፈለግኩት። ባለፈው መስከረም በሰው ፊት ሰድቤዋለሁ። ባት ሳይወዘውዝ አራቴ አስሳተና ሄደ፤ ተናድጄ ‹ይሄ ሰውዬ እንዲሁ ቆሞ የሚበላ ነው› አልኩት። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ግን ያን ቀን ቤዝ ጠባቂያችንን ሳይጨብጠው ቀረ። አገር ቤት ሆኜ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ስልክ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ታዲያ በኳስ አሳብቤ ላመጣውና፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት…»

«ኸይሮ» አለ ፍቅሩ። «በየነ ሞቷል። በጥር።»

እንዲያ መነገር አልነበረበትም። ግን ተነገረ።

ኸይረዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ጠርዝ ላይ ነበርና ተገልብጦ ሻዩ ፈሰሰ። «ኢና ሊላሂ» አለ፣ የቀረውን በከንፈሩ ብቻ። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«ማን ያውቃል?» አለ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ሁሉም» አለ ፍቅሩ።

«ብሩኬስ?»

«ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።»

«ትናንት መኪናዬ ውስጥ ነበር እኮ! እስከ ሃሚልተን አብሮኝ ሄዶ ተመልሷል! ስለ ጎማ ነው ያወራነው!»

ከዚያ አለቀሰ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ ትከሻው እየተነሳ እየወደቀ አለቀሰ። እትዬ አሰፋሽም ሄዳ አቅፋው አብራው አለቀሰች። አቶ ፀጋዘአብ መነጽራቸውን አወለቁ። ፍቅሩ ግን የፈሰሰውን ሻይ በሶፍት እየጠረገ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ሳይወርድ መድረስ ነበረበት።

ሊወጡ ሲሉ ኸይረዲን በሩ ላይ ያዛቸው። ዓይኑ ደም መስሏል። «ብሩኬን ከነገ ጀምሮ ውሰዱ። በየነን ወስጃለሁ።»

«ኸይሮ፣ እሱማ አሁን…»

«ተጨባብጠናል። ሲሞት ሳትነግሩኝ፣ ሲቀበር ሳልቆም ቀርቻለሁ። ስሙ እንኳ እኔ ዘንድ ይሁን።»

ፍቅሩ ማታውኑ ድረ ገጹን ከፈተ። ማሽኑ እንደ ልማዱ «እርግጠኛ ነህ?» አለው። የአሁኑ ጥያቄ ለማጥፋት ሳይሆን ለማዛወር ስለነበር ጣቱ እሺ አለው።

እስከ ነሐሴ ያሉትን ጨዋታዎች ኅብረት ብሩኬን ይዞም በጥቂት ነጥብ ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ኢስት ዮርክ ሜዳ ላይ፣ ኅብረት ከአንድነት ሆነ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ግማሹ ተጫዋች ባዶ ሆዱን ነው፤ ቢሆንም ብሩኬ ሲወረውር ኅብረት ቡድን መሰለ። ሩቲ መታች፣ ሮጠች፣ ያዘች። ይዲድያም ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቆየ። አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመችው እትዬ አሰፋሽ ሳትቀር ሁለት ኳስ ያዘች፤ አንዱን በነጠላዋ።

ኸይረዲን ከመቺዎቹ መጨረሻ ላይ የበየነን ስም አስገብቶ ነበር። በሊጉ ሕግ ተራው ደርሶ ያልቀረበ መቺ አውት ነው፤ ከመምታት ወጣ ተብሎ ለቡድኑ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ከሞላ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ዳኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ምንም አታውቅም። «ቤየን!» ብላ ስትጠራ ኸይረዲን ከወንበሩ ተነስቶ ይቆማል፤ ልጆቹም ተከትለውት ይነሳሉ። ማንም አይመጣም። «አውት» ትላለች። ይቀመጣሉ። ሁለቴ እንዲህ ሆነ።

መጨረሻው ዙር ላይ ኅብረት ስድስት ለአምስት ይመራል። አንድነት ሁለት አውት ሆኖበታል፤ ሦስቱም ቤዞች ላይ የአንድነት ሯጮች ቆመዋል። ቀጣዩ መቺ በየነ ነው። አቶ ፀጋዘአብ ማሊያቸውን ሱሪያቸው ውስጥ እየከተቱ የድል ንግግራቸውን በልባቸው ጀምረዋል።

«ቀይረው፣ ኸይሮ!» አሉት የራሱ ልጆች። «ሰው አለን እኮ!»

ኸይረዲን አልቀየረም። ወደ ዳኛዋ ሄደ። «ይወርወርለት» አላት በእንግሊዝኛ።

«ለማን?»

«ለበየነ። ይሄ ሰው በሕይወቱ ባት ወዝውዞ አያውቅም። ቢኖርም ቆሞ ነው የሚያየው። ስለዚህ ልዩነት የለውም።»

ልጅቷ አሰበችው፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ አጣችው። «እኔ እንጃ» አለች። «ተቃራኒው ቡድን ከተስማማ ይሁን።»

ሁሉም ወደ ፍቅሩ ዞሩ።

ማሸነፊያዋ እጁ ላይ ናት። ዝም ቢል ብቻ አውት ነው፤ ቦታው ይተርፋል፣ ቡድኑ ይተርፋል። ፍቅሩ ባዶውን የመቺ ቦታ አየ። አሸዋው ላይ የማንም ጫማ አልነበረም። በጥር ወር ስንት መኪና የት እንዳቆመ እስከ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ የበየነን ፊት ግን በዚያን ቀን አላየውም ነበር።

«ወርውርለት» አለ ብሩኬን።

«ኮሚቴው አልተሰበሰበም!» ብለው ጮኹ አቶ ፀጋዘአብ።

«ጋሼ ፍቅሩ፣ የት ልወርውር?» አለ ብሩኬ ግራ ገብቶት። «ማንም የለም እኮ።»

«ጎንበስ ብሏል» አለ ፍቅሩ። «ዝቅ አድርገህ።»

ሰላሙ ይህን ሰምቶ፣ ያ የማይታጠፍ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጢጥ አለ። ብሩኬ ወረወረ። ከፍ አለ። ሁለተኛውም ከፍ አለ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ገባ፤ «ስትራይክ!» አለች ልጅቷ፣ በሙሉ ልቧ። ብሩኬ አልለገመም፤ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ዓላማውን እያየ ነው የሚወረውረው። ግን ቦታዋ የፖስታ ሳጥን አፍ ነበረች። አራተኛው ወደ ጎን ሄደ። አምስተኛው መሬት ነካ።

«አራት ሳተ» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ኸይረዲን እንደ ድሮው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሂድ እንጂ በየነ! ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል!» አለ።

አንደኛው ቤዝ ላይ እትዬ አሰፋሽ እግሯን አነሳች። ትንሽ ወደ ጎን ለቀቀች። በየነ ተቃራኒ ሆኖባት አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚጨብጠው ሌሎቹን ነበር። ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እንዴት ዋልክ፣ በየነ?» አለች። «ቤተሰብ ደህና ነው?»

ለበየነ ቦታ ለመልቀቅ ሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ አለፉ፤ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ልጅም እየተራመደ ገባ። ስድስት ለስድስት። ፍቅሩ ጓንቱን ፊቱ ላይ አደረገ። ከጓንቱ ውስጥ መጀመሪያ ሳል የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ሳል እንዳልሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ሩቲ መጥታ ጀርባውን ይዛ ቆመች።

የሚቀጥለው መቺ የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ቀኝ ዳር ላካት። ይዲድያ ጆሮው ላይ ስልክ ይዞ «እየመጣሁ ነው፣ አምስት ደቂቃ» ይል ነበር። ኳሷ በጎኑ አለፈች፣ አንድ ሯጭ ገባ፤ ኅብረት ተሸነፈ፤ ቦታውም ለጡረተኞቹ ሆነ።

አቶ ፀጋዘአብ ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ፊታቸው ቀልቷል። «አውት ነበር እኮ! ሕጉ አውት ይላል! ስሙ ተጠራ፣ አልቀረበም፣ አለቀ! አሥራ ሁለት ዓመት የደከምንበትን ቡድን…»

ፍቅሩ ዓይኑን በማሊያው ጠረገ። «እንግዲያው እርስዎ ይንገሩት፣ አቶ ፀጋዘአብ» አለ። «ያው፣ አንደኛው ቤዝ ላይ ነው።»

አቶ ፀጋዘአብ ዞሩ። እትዬ አሰፋሽ ገና እዚያው ናት፤ ኸይረዲንም ተጨምሯል። ሁለቱም በመሀላቸው የአንድ አጭር ሰው ቦታ ትተው፣ ወደዚያው ቦታ እያዩ ያወራሉ። አቶ ፀጋዘአብ አንድ እርምጃ ሄዱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው አደረጉት።

«ይደርሳል» አሉ። «መጀመሪያ ኮሚቴው ይምከርበትና።»